ባሕር ሲሸሽ የሚወጣ አውሬ

ሚንክ የሚባለው አውሬ በአገራችን ስለሌለ በአማርኛ ስም አልወጣለትም። አይቶት ለማያውቅ ሰው መልኩን ለማስረዳት ግን ሙጭልጭላን ማሳሰብ ይበቃል። እንደ ሙጭልጭላ ወገቡ ረጅም፥ እግሩ አጭር፥ ራሱ ጠፍጣፋ፥ ጆሮው ከጠጉሩ ውስጥ የተሸሸገ ነው፤ ሲሮጥም ጀርባውን እንደ ደጋን እያጎበጠ ይዘላል። ጠጉሩ ግን የሙጭልጭላ ጠጉር አይደለም። ከላይ ረጅምና የሚያብረቀርቅ ጠጉር አለው፤ ከዚያም በታች እንደ ጥጥ የለሰለሰና የተጠቀጠቀ ሌላ ጠጉር አለው፤ ስለዚህ ከቀዝቃዛ ባሕር ወጥቶ አንድ ጊዜ ሰውነቱን ካራገፈ፥ ውሃው ቆዳውን ሳይነካ ይረግፋል። መልኩ በጥቁርና በቡና መካከል ነው፤ ከአገጩ በታች ነጭ ነጥብ አለችበት። ወንዱ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ሥር ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ክብደቱም አንድ ኪሎ ተኩል ከደረሰ ትልቅ ይባላል። ሴቲቱ ከእርሱ በጣም ታንሳለች። በዚህ ትንሽ ሰውነት ውስጥ ያለው ድፍረት ግን የነብር ድፍረት ነው፤ ከራሱ የሚከብደውን ወፍ አንገቱን ይዞ በድንጋይ ላይ ሲጎትት ይታያል።

አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። የሚበዛው በወንዝና በሐይቅ ዳር ነው፤ ብዙ ሰው የማያስበው ግን በጨው ባሕር ዳርም መኖሩን ነው። እኔ ያየሁት በዚያ ነው፤ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፥ ሜይን በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ ማውንት ዴዘርት በተባለች ደሴት። የደሴቲቱ ሰፊ ክፍል አኬዲያ የሚባል የመንግሥት ፓርክ ነው፤ በ1916 ተከለለ፥ የአሁኑ ስሙም በ1929 ተሰጠው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዳርቻው አሸዋ አይደለም፤ ሥጋ የመሰለ መልክ ያለው ግራናይት የሚባል ጠንካራ ዓለት ነው፤ በብዙ ስፍራ ተሰነጣጥቆ እንደ ፈረሰ ግንብ ተቆልሏል። በቁልሉም ውስጥ ለአንድ ሚንክ የሚበቃ ሺህ ዋሻ ይገኛል።

ወደዚያ የወሰደኝ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረና አሁን በፖርትላንድ ከተማ የሚኖር ሰው ነው። «የኔታ፥ አንድ ክረምት እኛ ዘንድ ይሰንብቱ» እያለ ሦስት ዓመት ሲለምነኝ ቆይቶ በአራተኛው ሄድሁለት። (የእኛ ክረምት ለእነርሱ በጋ ነው፤ ዝናብ የለመደ ሰው በሐምሌ ያን ሁሉ ፀሐይ ሲያይ ቀኑ የተሳሳተ ይመስለዋል።) እርሱ ቀን በአንድ ስፍራ፥ ሌሊት በሌላ ስፍራ የሚሠራ ሰው ነው። ለእኔ ሲል የስድስት ቀን ፈቃድ ተቀብሎ በደሴቲቱ ላይ አንዲት የእንጨት ቤት ተከራየ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጁንም ይዛት መጣ። ልጅቱ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትናገር ግን ቃሉ በአፏ ይሰበርባታል። እኔም እንግሊዝኛን በመጽሐፍ እንጂ በጆሮ ስላልተማርሁ የእርስዋን ፈጣን ንግግር አልከተልም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ እኔና እርስዋ በገበታው ዳርና ዳር ተቀምጠን ፈገግ ከማለት በቀር የምንለዋወጠው ነገር አልነበረንም፤ አባትዋም በመካከላችን እንደ አስተርጓሚ ሲደክም አየሁት፥ አሳዘነኝም።

የሚንክን ነገር ያነሣልን በዚያ ሰፈር ሎብስተር የሚባለውን ታላቅ የባሕር ሸርጣን በማጥመድ የኖረ አንድ ሽማግሌ ነው። ምክሩን ከመናገሬ አስቀድሞ ግን ስለ ባሕሩ ጠባይ ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል፤ ያለዚህ የአውሬው ጠባይ አይገባምና።

ደገኛ ሰው ስለ ባሕር ሲሰማ የሚያስበው ታላቅ ሐይቅን ነው። ሐይቅ ግን በስፍራው ይቀመጣል፤ ባሕር ይሄዳል፥ ይመጣል። ጨረቃ በስበትዋ ውሃውን ወደ ራስዋ ታነሣዋለች፤ ፀሐይም ሩቅ ብትሆን ታግዛታለች፤ ምድርም ከሥሩ ስትዞር በእያንዳንዱ ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ተከታዩ ሙላት 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ጉድለት ነገ ወደ 50 ደቂቃ ዘግይቶ ይመጣል። በማውንት ዴዘርት ዳርቻ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል፤ ይህም ዘጠኝ ሰው አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ቢቆም የሚያህል ከፍታ ነው፤ በዓለም ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሙላት አልታወቀም።

ባሕሩ ሲሸሽ ታችኛው ቤቱ ይገለጣል። ዓለቱ ቡናማና አረንጓዴ በሆነ የባሕር ሣር ተሸፍኖ እንደ ረጠበ ጎፈር ተንጠልጥሎ ይታያል። በየጉድጓዱ የቀረው ውሃ ኩሬ ይሆናል፤ በኩሬውም ውስጥ ሸርጣንና ትናንሽ ዓሣ፥ ዛጎል የለበሱም ብዙ ፍጥረታት ወደ ኋላ ቀርተው እስረኛ ሆነው ይቆያሉ። ለሚንክ ይህ የተዘረጋ ማዕድ ነው። በወንዝ ዳር ያለው ሚንክ አብዛኛውን ጊዜ በማታና በሌሊት ሲያድን፥ በባሕር ዳር ያለው ግን ፀሐይ ትውጣ ትጥለቅ ብዙም ሳይገደው ውሃው የሚጎድልበትን ሰዓት ይጠብቃል። ሽማግሌውም ይህን ነበር የነገረን፤ «ፈልጋችሁት አትሂዱ፤ ባሕሩ ይዞት ይመጣል። ውሃው ከመጨረሻው ጉድለት ከመድረሱ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ ተቀመጡ። ከዚያ በፊት ግን ቤቱን ለዩ።»

ቤቱን የሚለየው በምልክቱ ነው። ከፍ ብሎ በወጣ ድንጋይ ላይ እንደ ጣት የቀጠነ፥ የተጠመዘዘ ጥቁር ኩስ ይተዋል፤ በውስጡም የሸርጣን ቅርፊት ስብርባሪና የዓሣ ቅርፊት ይታያል። ሽታው ከባድ ነው፤ አውሬው ከጅራቱ ሥር ባለ ከረጢት የሚቋጥረው ፈሳሽ አለውና በእርሱ አገሩን ያካልላል፥ ሲቆጣም ይረጨዋል። ጭቃ ባለበት ስፍራ የአምስት ጣት ዱካ ይገኛል። በዋሻው አፍ ደግሞ የተበላ ሸርጣን ጀርባ እንደ ተሰበረ ሸክላ ተከምሮ ይታያል። እኛም በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ ያለ ክምር በአንድ የዓለት ስንጥቅ ፊት አገኘን። ልጅቱ ቁጭ ብላ አንዱን ጀርባ አነሣች፤ አረንጓዴ ነበረ፤ ወደ አፍንጫዋ አቅርባ ፊትዋን አጨማደደችና ለእኔ ደግሞ እንዳሸተው ሰጠችኝ። የመጀመሪያው ጨዋታችን ይህ ነው።

በማግሥቱ የውሃው ጉድለት ፀሐይ ከምትወጣበት ሰዓት ጋር ተገጣጠመ፤ በዚያ አገር በሐምሌ ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንበን ከስንጥቁ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀን ተቀመጥን። ያን ቀን ከነጫጭ የባሕር ወፎች በቀር ያየነው የለም። በማግሥቱ ጉም ወርዶ የገዛ እጃችንን እንኳ በግድ እናይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ከኋላችን መጣ። አባትዋ ተነሥቶ ይዞራል፥ ስልኩን ያያል፥ ይቀመጣል፥ እንደ ገና ይነሣል፤ «የኔታ፥ ደከመዎት እንዴ?» ይለኛል። የደከመው ግን እርሱ ነበር፤ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥን እንደ ጥፋት ይቆጥረዋልና። እኔ በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን በዶሮ ጩኸት ተነሥቼ በብርድ ላይ ትምህርቴን እየቀጸልሁ ስላደግሁ የድንጋይ መቀመጫ አላስቸገረኝም። ያስገረመኝ የልጅቱ ነገር ነው። አገጭዋን በጉልበትዋ ላይ አድርጋ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች፤ እግርዋ ሲደነዝዝ እንኳ ቀስ ብላ ትዘረጋዋለች እንጂ አትነሣም። ይህን ትዕግሥት ያስተማራት ሰው አልነበረም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ክንዴን ጨበጠችኝ። ቃል አልተናገረችም፤ በአገጭዋ ብቻ አመለከተች። እኔ ወደ ስንጥቁ አፍ እመለከት ነበርና አላየሁትም፤ እርሱ ግን ከስንጥቁ ሳይሆን በስተግራ ከባሕር ሣሩ ውስጥ ወጥቶ ነበር። እንደ ረጠበ ገመድ ቀጭንና ጥቁር ሆኖ በድንጋዩ ራስ ላይ ቆመ፤ አንገቱን አስረዝሞ አየሩን አሸተተ፤ ከዚያም ወደ ኩሬው ዳር ወርዶ ራሱን በውሃው ላይ ዘንበል አድርጎ ቁልቁል ተመለከተ። ይህን ማድረጉ ያለ ምክንያት አይደለም። ሚንክ በየብስ የተፈጠረ ዘመዶች ያሉት አውሬ ስለሆነ ዓይኑ በውሃ ውስጥ እምብዛም ጥሩ አያይም፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚይዘውን ከላይ ሆኖ ለይቶ ከዚያ ይወረወራል። በእግሩ ጣቶች መካከል ያለው ቆዳም ግማሽ ብቻ ነው፥ እንደ ዳክዬ ሙሉ አይደለም። ዋና የሚችል የየብስ አውሬ ነው ቢባል ይሻላል፤ በዚህም በዚያም ፍጹም ሳይሆን በሁለቱም ይኖራል።

ተወረወረ። እኔ በልቤ ስቆጥር አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ብቅ አለ፤ በአፉ የመዳፍ ስፋት ያለው ሸርጣን ይዞ ነበር። ሸርጣኑ በመቆንጠጫው አፍንጫውን ሊይዝ ይታገላል፤ እርሱ ግን ራሱን ወዲያና ወዲህ አማትቶ በድንጋዩ ላይ ደበደበው፥ በጀርባውም ገልብጦ ሆዱን ከፈተው። ጥርሱ ቅርፊቱን ሲሰብር የሚሰማው ድምፅ ሰው ቆሎ ሲቆረጥም እንደሚሰማው ያለ ነው፤ ልጅቱም ይህን ሰምታ እጅዋን በአፍዋ ላይ አድርጋ ሳቀች። አራት ሸርጣን እንዲህ በላ። አምስተኛውን ሳይበላ ይዞት ወደ ስንጥቁ ገባ፤ ከዚያም ተመልሶ ሌላ ይዞ ገባ። ሽማግሌው ማታ ይህን በሰማ ጊዜ፥ «እንግዲያው ሴት ናት፥ ልጆችም አሏት» አለን።

በዚያው ዳርቻ ኦተር የሚባል ሌላ የውሃ አውሬ ስላለ ሁለቱን የሚያደናግሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ኦተር የሚንክን አምስት እጥፍና ከዚያም በላይ ይመዝናል፤ ሲዋኝም ሰውነቱ ሰጥሞ ራሱ ብቻ ይታያል። ሚንክ ግን ቀላል ስለሆነ ሲዋኝ ጀርባው ከውሃው በላይ እንደ ተንሳፈፈ ግንድ ይታያል። ይህን ያወቀ ሰው በሩቅም ቢሆን አይሳሳትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። በአምስተኛው ቀን ኤይደር የሚባሉት የባሕር ዳክዬዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ከዓለቱ ሥር ይዋኙ ነበር። እናቶቹ ጫጩቶቻቸውን በአንድነት ሰብስበው በማኅበር ያሳድጋሉ፤ ልጅቱ ስትቆጥራቸው ቆየች። ሚንኪቱ ከሣሩ ሥር ገብታ ስትሄድ እኔ አይቻታለሁ፤ ልጅቱ አላየቻትም። ውሃው አንድ ጊዜ ተናወጠ፤ እናቶቹ እየጮኹ ክንፋቸውን መቱ፤ ሚንኪቱም አንዱን ጫጩት በአንገቱ ይዛ ወጣች። ጫጩቱ እግሩን እያወራጨ ወደ ስንጥቁ ሲገባ አየነው። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ጸጥ አለ።

ልጅቱ አለቀሰች። ካለቀሰችም በኋላ በተሰበረው አማርኛዋ፥ «የኔታ፥ እሱ ክፉ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያው ሙሉ ቃል ይህ ነበር፤ አባትዋም ደንግጦ አያት። እኔ፥ «ልጄ፥ እኛስ ትናንት ማታ ዶሮ በልተን የለም?» አልኋት። አሰበችና፥ «እኛ ገዛነው» አለች። ለዚህ የሚሆን መልስ በጊዜው አላገኘሁለትም፤ እስከ ዛሬም ጥሩ መልስ ያለው ሰው ቢኖር ልሰማው እወዳለሁ። አባትዋ ሳቀ፥ እርስዋ ግን አልሳቀችም፤ መልስ ትጠብቅ ነበር።

ስለዚህ በሚገባት መጠን፥ አባትዋም እያገዘኝ፥ ስለዚህ አውሬና ስለ ሰው የማውቀውን ነገርኋት። ለእናንተም ለአንባቢዎቼ እርሱኑ በሰፊው እጽፈዋለሁ።

በዚያው በሜይን ዳርቻ ቀድሞ የባሕር ሚንክ የሚባል ሌላ ሚንክ ይኖር ነበር። ሰውነቱ ከዛሬው ሚንክ የሚበልጥ፥ ኑሮውም በዚሁ በጨው ውሃ ዳር ብቻ ነበር ይባላል። የአገሩ ተወላጆች ዛጎል እየበሉ ቅርፊቱን በአንድ ስፍራ ሲጥሉ በብዙ ዘመን ኮረብታ የሚያህል ክምር ሆኗል፤ በክምሩም ውስጥ የዚህ አውሬ አጥንት ተገኝቷል። ቆዳ ነጋዴዎች በመጡ ጊዜ ቆዳው ትልቅ ስለነበረ ዋጋው ከፍ አለ፤ አዳኞችም ውሻና አካፋ፥ የብረት ዘንግም ይዘው ከየስንጥቁ ያወጡት ጀመር። በመጨረሻም ፈጽሞ ጠፋ። ፕሬንቲስ የተባለው የተፈጥሮ ሊቅ በብሩክሊን ከተገኘው የቅርፊት ክምር ያወጡትን አጥንት መርምሮ ለአውሬው ሳይንሳዊ ስም የሰጠው በ1903 ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ስሙ በመዝገብ የተጻፈው ከሞተ በኋላ ነው። ሕያው ሆኖ ሳለ መልኩን የጻፈለት ሊቅ የለም፤ ዋጋውን የጻፉለት ነጋዴዎች ግን ነበሩ። አንዳንድ ሊቃውንት እርሱ የተለየ ወገን ሳይሆን ከዛሬው ሚንክ አንዱ ዘር ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ለመከራከርም ጥቂት አጥንት እንጂ ሌላ የቀረላቸው የለም።

ለዛሬው ሚንክ ደግሞ ሌላ ዕጣ ወጣለት። ቆዳውን ከዱር መፈለግ ስላደከመ ሰዎች በሽቦ ቤት ያረቡት ጀመር። ለአንድ ረጅም ካባ 50 ያህል ቆዳ ያስፈልጋል። እኔ በልጅነቴ የለበስሁት ደበሎ ከአንድ በግ የወጣ ነበር፤ ብርዱንም ይከላከልልኝ ነበር፥ ምንም እንኳ የየመንደሩ ውሻ በእርሱ ቢጠላኝ። ካባው ግን ለብርድ ብቻ አይደለም፤ ለመታየት ነው። በዚህ ነገር በሌሎች ላይ ብቻ እንዳልፈርድ የጥርኝ ነገር ያግደኛል። በከፋና በጅማ በኩል ጥርኝን በጠባብ የእንጨት ቤት ዘግተው፥ ዝባዱን ከሥሩ እየጠረጉ በቀንድ አሽገው ለሽቶ ቀማሚዎች የሚሸጡ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ነበሩን። ጥርኝም ሚንክም ጥፋታቸው አንድ ነው፤ የሰውን ልብ የሚማርክ ነገር ይዘው ተወለዱ።

ሚንክ በ1929 ወደ እንግሊዝ አገር፥ በ1931 ወደ አይስላንድ ተጓዘ፤ ወደ ሌሎችም የአውሮፓ አገሮች እንዲሁ ተወሰደ። ሽቦ ደግሞ ይዝጋል፥ ይቀደዳል፤ አንዳንዴም ሰው ሆን ብሎ ይከፍተዋል። አመለጠ። በእንግሊዝ አገር በዱር መራባቱ በ1956 በዴቨን በቲን ወንዝ ላይ ተረጋገጠ። ሴቲቱ ሚንክ ቀጭን ስለሆነች የውሃ አይጥ ከሚባለው ፍጥረት ጉድጓድ ገብታ ከነቤተ ሰቡ ትፈጀዋለች፤ ያ ፍጥረት በዚያ አገር እጅግ ተመናምኗል። የባሰው ግን በደሴቶች ላይ ነው። የባሕር ወፎች በየደሴቱ እንቁላላቸውን በግልጥ ድንጋይ ላይ የሚጥሉት ሞኞች ስለሆኑ አይደለም፤ አራት እግር ያለው አዳኝ ዋኝቶ ወደ እነርሱ ስላልመጣ ነው። ሚንክ ግን ይዋኛል። በስኮትላንድ ምዕራብ ባሉት የሄብሪዲስ ደሴቶች ወፎቹን ለማዳን በ2001 ሚንክን የማጥመድ ሥራ ተጀመረ። በፊንላንድ ዳርቻ ባሉት ትናንሽ ደሴቶች ከ1992 ጀምሮ ሚንክን በውሻ እየፈለጉ ካስወገዱ በኋላ፥ ጠፍተው የነበሩ ሁለት የባሕር ወፍ ወገኖች ተመልሰው ጎጆ ሠሩ።

በአሜሪካ ዳርቻስ ዳክዬዎቹ ለምን አላለቁም? ከሚንክ ጋር አብረው ኖረው ተለማምደዋልና። ጫጩቶቻቸውን በማኅበር መጠበቃቸው፥ አንዲት እናት ስትዘናጋ ሌላይቱ እንድትጮህ ነው። ሚንክም በበኩሉ ከሰማይ ንስር፥ ከምድር ቀበሮ ያስፈሩታል። በዚያ ያለው እልቂት መጠን አለው። ያን አውሬ አንሥቶ መጠን ወደሌለበት ያደረሰው ሰው ነው። በአውሮፓ ጋዜጦች «ወራሪ» ተብሎ ሲጠራ አነባለሁ፤ ሚንክ ግን የመርከብ ዋጋ ከፍሎ አልተሻገረም። ወፎቹን ለማዳን መያዙ ግድ ነው ቢሉኝ እስማማለሁ፤ ስሙ ግን የእርሱ አይደለም። የጣና ሐይቅን የሸፈነውን እምቦጭ ያየ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ የዚያም አረም አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፥ በአበባው ማማር ምክንያት ከአገር ወደ አገር የተሻገረውም በሰው እጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሚንኪቱ በፊታችን ስትቆረጥመው የነበረው አረንጓዴ ሸርጣን የአሜሪካ አይደለም፤ የአውሮፓ ነው። ከመርከብ ጋር ተሻግሮ በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ መታየቱ የተመዘገበው በ1817 ነው፤ ዛሬ የሜይንን ዛጎሎች እየበላ አጥማጆችን ያስለቅሳል። እንግዲህ አውሮፓ ሸርጣኑን ሰደደ፥ አሜሪካ ሚንኩን ሰደደ፤ በዚህኛው ዳርቻ ሁለቱ ተገናኙና አንዱ አንዱን ይበላል። ሽማግሌው አጥማጅ ይህን ስለሚያውቅ ሚንክ ከጀልባው ሥር መኖሪያ ብታበጅ እንኳ አያባርራትም።

በሽቦ ቤት የቀሩትም ቢሆኑ መጨረሻቸው አላማረም። በኅዳር 2020 በዴንማርክ የኮሮና በሽታ ከሰው ወደ ሚንክ፥ ከሚንክም መልኩን ለውጦ ወደ ሰው መተላለፉ ስለታወቀ መንግሥት ሁሉም እንዲገደሉ አዘዘ፤ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ሚንኮች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተገደሉ። ቁጥሩን ለልጅቱ አልነገርኋትም።

እርስዋ የሰማችውን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ስለ ባሕሩ ሚንክ ብቻ ጠየቀች፤ «አንድም የለም?» አለች። የለም አልኋት። «አንድም?» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ዳክዬው ጫጩት አላነሣችም፤ እናቱን ግን ስትሄድ በዓይንዋ ተከተለቻት።

በስድስተኛው ቀን ጉድለቱ ወደ ጠዋቱ 3 ሰዓት ዘገየ፤ ዕቃችን በመኪናው ተጭኖ ስለነበር አባትዋ ከስንጥቁ ፊት ብዙ እንደማንቆይ ነግሮን ነበር። እርሱ ግን ያን ቀን ስልኩን አላወጣም፤ ከልጁ አጠገብ ተቀመጠ። ውሃው ሲሸሽ ሚንኪቱ ወጣች፥ ዙሪያዋን አሸተተች፥ ወደ ስንጥቁም ተመልሳ ገባች። እንደ ገና ስትወጣ ልጆችዋ በኋላዋ ተሰልፈው ነበር፤ የአንዱ አፍንጫ የሌላውን ጅራት ሊነካ የቀረበ ነበርና አንድ ረጅም እባብ በድንጋዩ ላይ የሚሄድ ይመስል ነበር። ልጅቱ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ በሹክሹክታ በአማርኛ ቆጠረች፤ «አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት፥ አራት።» እናቲቱ አራቱን ይዛ በባሕር ሣሩ ውስጥ ተሰወረች። እኛም ልንነሣ ስንል ከስንጥቁ ውስጥ አንድ ትንሽ ራስ ብቅ አለ፤ ወዲያና ወዲህ አየና እየተንሸራተተ እየወደቀ እነርሱ ወደሄዱበት ሮጠ። ልጅቱ ብድግ ብላ፥ «አምስት!» ብላ ጮኸች።